የናይትሮጂን ጎተራ፦ ሳይኖባክቴሪያዎች ለክፉ ቀን የሚያኖሩት ስንቅ

ገበሬው ዩሪያ ሲገዛ ገንዘቡን የሚያወጣው ለናይትሮጂን ነው፤ ከማዳበሪያው ክብደት 46 በመቶው ይኸው ንጥረ ነገር ነውና። ከምንተነፍሰው አየርም 78 በመቶ ያህሉ ናይትሮጂን ሆኖ ሳለ ሰብል በቀጥታ ሊጠቀምበት አይችልም፤ ሁለቱ አቶሞች እጅግ በጠነከረ ማሰሪያ ተጣምረው ስለሚገኙ ነው። ይህን ማሰሪያ መፍታት ከሚችሉት ጥቂት ፍጥረታት መካከል አንዳንድ ሳይኖባክቴሪያዎች ይገኙበታል። በተለምዶ ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ይባሉ እንጂ፣ እንደ ዕፅዋት ከፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን የሚያዘጋጁ ባክቴሪያዎች ናቸው።

ናይትሮጂንን ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ማስቀመጥ ግን ሌላ ጥበብ ይጠይቃል። አሞኒያ በሕዋስ ውስጥ ሲበዛ ይመርዛል፤ በውኃ የሚሟሙ አሚኖ አሲዶችም ከመጠን በላይ ሲከማቹ ውኃ ስበው ሕዋሱን ያሳብጡታል። ስለዚህ ስንቁ የማይሟሟ መሆን አለበት።

እ.ኤ.አ. በ1887 ጣሊያናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ አንቶኒዮ ቦርዚ በእነዚህ ሕዋሳት ውስጥ የሚታዩትን ጥቃቅን እንክብሎች ሳይኖፋይሲን ብለው ሰየሟቸው። ከምን እንደተሠሩ በግልጽ የታወቀው ግን ከሰማንያ ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ በ1971 ነው። የአስፓርቲክ አሲድ ሰንሰለት እንደ ግንድ ይዘረጋል፤ በእያንዳንዱ አስፓርቲክ አሲድ ላይ አንድ አርጂኒን እንደ ቅርንጫፍ ይያያዛል። በእያንዳንዱ ጥንድ አምስት የናይትሮጂን አቶሞች አሉ፤ አራቱ የአርጂኒን፣ አንዱ የአስፓርቲክ አሲድ ናቸው። በዚህም የተነሣ የእንክብሉ ክብደት ሩብ ያህሉ ናይትሮጂን ነው። የተራ ፕሮቲን ድርሻ 16 በመቶ ገደማ መሆኑን ስናስብ፣ ጠባብ በሆነ ጎተራ ምን ያህል እንደታጨቀ እንረዳለን።

አሠራሩም ከፕሮቲን የተለየ ነው። ፕሮቲን ራይቦዞም በተባለው መሥሪያ፣ ከዘር መመሪያ በተቀዳ ቅደም ተከተል ይሠራል። ሳይኖፋይሲንን ግን የሚገጣጥመው አንድ ኢንዛይም ብቻ ነው፤ አስፓርቲክ አሲድና አርጂኒንን እያፈራረቀ ይጨምራል፤ ለእያንዳንዱ ጭማሪ አንድ ኤቲፒ፣ ማለትም የሕዋሱን የኃይል ገንዘብ፣ ይከፍላል። ለዚህም ጥሩ ማስረጃ አለ፦ ለዓይን ሕመም በሚሰጠው ክሎራምፌኒኮል ራይቦዞሙ ሲታገድ እንክብሎቹ አይቀንሱም፤ እንዲያውም ይበዛሉ። ፎስፈረስ ሲጎድል ወይም ብርሃን ሲያንስም እንዲሁ ነው። ሕዋሱ ማደግ ሲያቅተው ያገኘውን ናይትሮጂን ወደ ጎተራው ያስገባል ማለት ነው። ችግር በመጣ ጊዜ ሌላ ኢንዛይም ሰንሰለቱን ወደ ጥንድ ጥንድ ይቆራርጠዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ ጥንዱን ይለያያል።

አናቤና የተባለው ዝርያ ሕዋሳቱ እንደ መቁጠሪያ በክር የተሰካኩ ናቸው። ናይትሮጂንን የሚይዘው ኢንዛይም በኦክስጅን ስለሚበላሽ፣ ከአሥር እስከ ሃያ ከሚሆኑት ሕዋሳት አንዱ ያህል ግድግዳውን አወፍሮ፣ ኦክስጅን ማውጣቱንም ትቶ ለዚሁ ሥራ ይለያል። በዚህ ሕዋስ ሁለት ጫፎች ሳይኖፋይሲን ይከማቻል፤ ተቆርጦ የወጣው ጥንድም በአብዛኛው የሚለያየው ወደ ጎረቤቶቹ ከተላለፈ በኋላ ነው። በቢሾፍቱ አረንጓዴ ሐይቅ ስሙን የሰጠው ስፒሩሊና ግን እንዲህ ያለ ልዩ ሕዋስ የለውም፤ ሆኖም ሳይኖፋይሲን ያከማቻል።

ለልማት ሠራተኛ ይህ ሁሉ ምን ይጠቅማል? አናቤና በአዞላ ቅጠል ውስጥ ይኖራል፤ በቻይናና በቬትናም የሩዝ ገበሬዎች ይህን ተክል ለዘመናት ለማዳበሪያነት ተጠቅመውበታል። በፎገራ ሜዳም ሆነ በሌላ ሥፍራ ይህን ለመሞከር የሚያስብ ሁሉ፣ ናይትሮጂኑ ለሩዙ የሚደርሰው በዋናነት አዞላው ታርሶ ሲበሰብስ መሆኑን ማወቅ ይኖርበታል፤ በውኃው ላይ ተንሳፎ መታየቱ ብቻ አይበቃም። በበኩላችን ተክሉ ከእርሻው ክትር አልፎ ወደ ሐይቅ እንዳይገባ ጥንቃቄ እንዲደረግ እንመክራለን።

ሁለተኛው ጉዳይ ይበልጥ ያሳስባል። የማሳ ማዳበሪያና ፍሳሽ በሚገባባቸው ኩሬዎችና ግድቦች ሳይኖባክቴሪያዎች ሲበዙ፣ ውኃው ተመርምሮ የሟሟው ናይትሮጂን ጥቂት ነው ቢባል መዘናጋት አይገባም፤ ናይትሮጂኑ በሕዋሳቱ ውስጥ ተከማችቶ ሊሆን ይችላልና። ምርመራው ሕዋሳቱን ራሳቸውን መቁጠር አለበት። አንዳንዶቹ ከአየር ስለሚወስዱም፣ ወደ ውኃው የሚገባውን ፎስፈረስ መቀነስ የግድ ነው። ከእነዚህ ዝርያዎች የተወሰኑት ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫሉ፤ ይህን መርዝ ውኃውን ማፍላት አያጠፋውም። እንግዲህ አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰበት የሚመስል ኩሬ ሲታይ፣ ምርመራው እስኪጠናቀቅ ድረስ ለሰው መጠጥ አይቀዳ፤ ከብትም ከሌላ ውኃ ይጠጣ።