ዕርዳታና የዕርዳታ ጊዜ፤ ከብቸናና ከሞጣ ልምድ የሚገኝ ትምህርት

መግቢያ

ስለ ድርቅና ስለ ረሃብ በሚጻፉ ዘገባዎች ውስጥ የብቸናና የሞጣ ስም እምብዛም አይነሣም። በ1965-66 እና በ1976-77 ዓ.ም. ወሎና ትግራይ በረሃብ ሲጎዱ ምሥራቅ ጎጃም እህል አቅራቢ እንጂ እህል ተቀባይ ሆኖ አልተቆጠረም። ከደጀን ተነሥቶ በብቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድም የሚታወቀው ጤፍ፣ ስንዴና ሽምብራ ወደ ከተማ የሚጫንበት በመሆኑ ነው። ይህ መልካም ስም ግን የራሱ የሆነ ችግር አለው። “ትርፍ አምራች” በተባለ አገር የሚኖር ገበሬ ሲጎዳ ጉዳቱ ቶሎ አይታይም፤ ቢታይም በዕርዳታ መዝገብ ላይ እስኪሰፍር ብዙ ጊዜ ይፈጃል።

የዚህ ትምህርት ዓላማ በተፈጥሮ አደጋና በገበያ ውድቀት የተጎዳ ገበሬን መልሶ ለማቋቋም በመንግሥት በኩል የተወሰዱትን እርምጃዎች ከእነዚህ ሁለት አካባቢዎች ታሪክ አንጻር መመርመር ነው። ከምርመራው የሚገኘው ዋና ቁም ነገር፣ የድጋፉ ጊዜ ከድጋፉ መጠን ያላነሰ ወሳኝ መሆኑ ነው። የእርሻ በሬው ከመሸጡ በፊት የደረሰ ጥቂት ድጋፍ፣ በሬው ከተሸጠ በኋላ ከሚመጣ ብዙ ስንዴ ይልቅ ቤተሰቡን ያድናል።

1. የአካባቢው ሁኔታና የጉዳቱ ዓይነት

ብቸናና ሞጣ የተቆረቆሩት ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። በስተ ምዕራብ ከፍታው ከ4,000 ሜትር የሚያልፈው የጮቄ ተራራ፣ በስተ ምሥራቅ ደግሞ የዓባይ ሸለቆ ይገኛል። በዚህ ምክንያት በአንድ ወረዳ ውስጥ ደጋው ገብስና ድንች፣ ወይና ደጋው ጤፍና ስንዴ፣ ቆላው ማሽላና በቆሎ ያበቅላል።

የጉዳቱም ዓይነት እንደ መሬቱ ይለያያል። በሸለቆው ዳርቻ ዝናብ ቀድሞ ሲቋረጥ ማሽላው ሳያፈራ ይደርቃል። በጥቁር አፈር ላይ ክረምቱ ሲበረታ ውሃ ተኝቶ ቡቃያውን ያበሰብሳል። በነሐሴና በመስከረም በረዶ ወርዶ የደረሰ ማሳ በአንድ ሰዓት ያወድማል። በ2003 ዓ.ም. መኸር በአገሪቱ የስንዴ አብቃይ አካባቢዎች የተሰራጨው ቢጫ ዋግ ቁብሳና ገላማ የተባሉትን በስፋት ይዘሩ የነበሩ የስንዴ ዝርያዎች ክፉኛ መጉዳቱም ይታወሳል።

እነዚህ ጉዳቶች የሚመሳሰሉበት አንድ ጠባይ አለ፤ ይኸውም አንዱን ቀበሌ መትተው ጎረቤቱን መተዋቸው ነው። በረዶ የመታው ጎጥ ምርት ከማይታወቅ ጎጥ ምርት ጋር ተደምሮ በወረዳ አማካይ ሲሰላ ወረዳው ደህና ይመስላል። አማካይ ቁጥር ግን ባዶ የቀረውን ጎተራ አይሞላም። ስለዚህ በእንዲህ ያለ አገር የጉዳት መረጃ ከቀበሌ፣ ቢቻልም ከጎጥ ሊጀምር ይገባዋል።

2. ሦስት የታሪክ ምሳሌዎች

ሀ. የ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር

በኅዳር ወር 1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255 አሥራትን አስቀርቶ ገበሬው በዓመቱ ባገኘው ገቢ መጠን ግብር እንዲከፍል ያዘዘ ነበር። በመርሕ ደረጃ ሲታይ ሐሳቡ ለተጎዳ ገበሬ የሚበጅ ነው። ግብሩ በገቢ ላይ ከተመሠረተ ሰብሉ የጠፋበት ሰው ሸክሙ ይቀልለታል። ነገር ግን ገቢውን የሚገምቱት ሰዎች በገበሬው ዘንድ አመኔታ አላገኙም። የጎጃም ባለርስት ግምቱ የመሬት ልኬታን፣ ልኬታውም የርስት መነጠቅን ያስከትላል ብሎ ሠጋ። በዚህም የተነሣ በሞጣ፣ በብቸናና በደጋ ዳሞት ዐመፅ ተቀሰቀሰ። መንግሥት ጦር አዘመተ፤ የአየር ድብደባም ተፈጸመ፤ ብዙ ሕይወትና ንብረት ጠፋ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ፤ አዲሱ ግብር በጎጃም ሳይሠራበት ቀረ፤ ለዓመታት የተጠራቀመው ውዝፍ ግብርም ምሕረት ተደረገለት።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ የግምት ሥራ ገበሬው በማያምነው ሰው እጅ ከገባ መልካም ሕግም ፍሬ አያፈራም። ሁለተኛው፣ የግብር ምሕረት ራሱ የመልሶ ማቋቋሚያ ድጋፍ ነው። ያ ምሕረት መሰጠቱ አልቀረም፤ የተሰጠው ግን ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው።

ለ. የኮታ ዘመን

በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በየገበሬ ማኅበሩ የተደለደለ ኮታ በተወሰነ ዋጋ ይገዛ ነበር። ትርፍ አምራች ከሚባሉት አንዱ የሆነው ጎጃም ከዋነኞቹ አቅራቢዎች መካከል ስለነበረ የእህል ንግዱ ቁጥጥር በዚያ ጥብቅ ነበር። የተወሰነ ዋጋ በሐሳብ ደረጃ ገበሬውን ከዋጋ መውደቅ ሊጠብቀው ይችል ነበር። በሥራ ላይ ግን ዋጋው ከነጻው ገበያ በታች ስለነበረ ከለላ መሆኑ ቀርቶ ሸክም ሆነ።

ከሁሉ የባሰው የሰብል ጉዳት በደረሰበት ዓመት የሚሆነው ነበር። ኮታው ከላይ ወደ ታች እየተደለደለ የሚመጣ በመሆኑ የአንድን ማሳ መመታት አያይም። ሰብሉ የጎደለበት ገበሬ እህሉን ከገበያ በውድ ዋጋ ገዝቶ ለድርጅቱ በርካሽ የሚያስረክብበት ጊዜ ነበር። ልዩነቱን የሚሞላው በግ ወይም ጥጃ ሸጦ ነው። ኮታው በ1982 ዓ.ም. በታወጀው የኢኮኖሚ ማሻሻያ ተነሣ። ትምህርቱ ግን አልተሻረም፤ ለመልካም ዓመት የተቆረጠ ግዴታ በክፉ ዓመት ሳይሻሻል ከተጠየቀ፣ አደጋው ያተረፈውን ጥሪት ግዴታው ይወስደዋል።

ሐ. የ1993 እና የ1994 ዓ.ም. የዋጋ መውደቅ

በ1987 ዓ.ም. በተጀመረው የግብርና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ገበሬው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር እንዲያገኝ ተደረገ። ለባንክ ዋስ የሚሆኑት ክልላዊ መንግሥታት ስለነበሩ የማስመለሱ ኃላፊነት በወረዳና በቀበሌ አስተዳደር ላይ ወደቀ። በተከታታይ መልካም መኸር በተገኘባቸው ዓመታት የእህል ዋጋ፣ ይልቁንም የበቆሎ ዋጋ፣ በአንዳንድ ቦታ የመሰብሰቢያና የማጓጓዣ ወጪውን እንኳ እስከማይሸፍን ድረስ ወደቀ። የኢትዮጵያ እህል ንግድ ድርጅት ገበያውን ለማረጋጋት ቢገዛም የገዛው መጠን ውድቀቱን ለመግታት አልበቃም።

የማዳበሪያው ዕዳ ግን በብር የተቆረጠ ነበርና አልቀነሰም። አራሹ ዕዳውን ለመክፈል ቀድሞ ከሚሸጠው እጥፍና ከዚያም በላይ እህል መሸጥ ግድ ሆነበት። የክፍያው ጊዜ መኸር በገባ ማግስት፣ ሁሉም ሰው እህሉን ወደ ገበያ በሚያወጣበትና ዋጋ እጅግ ዝቅ በሚልበት ወቅት መሆኑ ጉዳቱን አባባሰው። በቀጣዩ ክረምት ብዙዎች ማዳበሪያ መውሰድ ተዉ። በዚያው በ1994 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ በብዙ ቦታ ሲጓደል፣ በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ ዕርዳታ ፈላጊ ሆነ። የጥጋብ ዓመትም ገበሬን ሊያደኸይ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

3. የድጋፍ ፕሮግራሞችና ወሰናቸው

የእርዳታ ማስተባበሪያና መልሶ ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1966 ዓ.ም. ሲመሠረት ዋና ተግባሩ የተራበን ሕዝብ ማዳን ነበር። ቀጥሎ የማስጠንቀቂያ ሥርዓትና የመጠባበቂያ እህል ክምችት ተደራጁ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ብሔራዊ ፖሊሲ ደግሞ ዕርዳታ ከልማት ጋር እንዲያያዝ፣ መሥራት የሚችል ሁሉ ሠርቶ እንዲረዳ ወሰነ። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በዚሁ መንገድ 5 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ይዞ ተነሣ።

ሴፍቲኔቱ ተጠቃሚውን የሚመርጠው በተከታታይ ዓመታት የምግብ እጥረት የደረሰበትን በማየት ነው። ይህ መስፈርት ለሥር ሰደድ ችግር ትክክል ነው። ነገር ግን ዘንድሮ በረዶ የመታው፣ ዓምና ግን ጎተራው ሙሉ የነበረ የእነማይ ወይም የሁለት እጁ እነሴ ገበሬ በዚህ መስፈርት አይገኝም። ሦስት ዓመት ተጎድቶ እስኪታይ ድረስ ከተጠበቀ ደግሞ በሬውም ዘሩም አልቋል።

የመድን ሙከራውም ተመሳሳይ ወሰን አለው። በ1998 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ፕሮግራም ለኢትዮጵያ ድርቅ 930,000 የአሜሪካ ዶላር ዐረቦን ከፍሎ፣ በ26 የሜትሮሎጂ ጣቢያዎች የዝናብ መጠን ላይ የተመሠረተ መድን ገዝቶ ነበር። የዚያ ዓመት ዝናብ መልካም ስለነበረ ካሣ አልተከፈለም። ሐሳቡ ፈጣን ካሣ ለማስገኘት ጠቃሚ ነው። ይሁን እንጂ የዝናብ መለኪያ በረዶን፣ ዋግንም ሆነ የገበያ ዋጋን አይለካም።

መልሶ ማቋቋም ሲባል ሰፈራ ብቻ እንደሚታሰብም የታወቀ ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከቀዬው ተነሥቶ ሰፍሯል፤ ከሰፈራዎቹ አንዱ የመተከሉ ፓዌ ነበር። የዚያ ሥራ ወጪና የደረሰው የሰው ጉዳት ሲታይ፣ ገበሬን በገዛ መሬቱ ላይ እንዳለ መልሶ ማቆም ምን ያህል እንደሚቀል ግልጽ ይሆናል።

4. ለወረዳ ሠራተኛ የሚሆን የጊዜ ሠሌዳ

ከላይ ከተመለከተው በመነሣት የድጋፉ ሥራ የእርሻውን ወራት ተከትሎ ሊታቀድ ይገባል።

ነሐሴና መስከረም፦ በረዶ ወይም ጎርፍ የመታው ማሳ ገና እርጥበት አለው። ጥቁር አፈር እርጥበቱን ስለሚይዝ ሽምብራ ሊዘራበት ይችላል። የሽምብራ ዘር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከደረሰ ዓመቱ በከፊል ይድናል፤ አፈሩ ከደረቀ በኋላ የመጣ ዘር ግን ከመበላት አያልፍም። ስለዚህ ዘሩ አስቀድሞ በኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ሊቀመጥ ይገባል። ጓያ ድርቅን የሚቋቋም ቢሆንም፣ በችግር ጊዜ ለብዙ ወራት ብቻውን ከተበላ እግርን ሽባ እንደሚያደርግ ለሕዝቡ ማስረዳት ያስፈልጋል።

ጥቅምትና ኅዳር፦ የጉዳት ግምት የሚሠራበት ጊዜ ነው። ገማቾቹ የግብርና ሠራተኛው፣ የቀበሌው ተወካይና በጎጡ ሕዝብ የታመኑ ሽማግሌዎች ቢሆኑ፣ የተመዘገበውም ስምና መጠን በአደባባይ ቢነበብ የ1960 ዓ.ም. ዓይነቱ ጥርጣሬ ይወገዳል።

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፦ ግብርና ብድር የሚጠየቅበት ወቅት ነው። ጉዳቱ በግምት ለተረጋገጠለት ገበሬ ግብሩ እንዲቀነስ፣ ዕዳውም ወደሚቀጥለው መኸር እንዲተላለፍ የሚወሰነው ከዚህ ጊዜ በፊት ሊሆን ይገባል። ዋጋ በወደቀበት ዓመት ደግሞ ኅብረት ሥራ ማኅበራትና እንደ ጎዛምን ያሉ ዩኒየኖች እህሉን ተረክበው በማቆየት፣ ከፊሉን ክፍያ በቅድሚያ ቢሰጡ ገበሬው በርካሽ ከመሸጥ ይድናል።

ከመጋቢት እስከ ሰኔ፦ የበሬ፣ የዘርና የማዳበሪያ ጊዜ ነው። አንድ በሬ የቀረው ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ሊገባ ይችላል፤ ሁለቱንም የሸጠ ግን መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ የምርቱን ከፊል ያጣል። ወንፈልና ደቦ አቅመ ደካማውን በጉልበት ይደግፋሉ እንጂ በሬ አይገዙለትም። ስለዚህ የበሬ መግዣ ብድር ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባል።

ማጠቃለያ

በሦስቱም ምሳሌዎች መንግሥት በመጨረሻ ግትር የሆነውን ግዴታ አሻሽሏል፤ በ1960ው ውዝፍ ግብር ተምሯል፣ በ1982 ኮታ ተነሥቷል፣ የማዳበሪያ ብድሩም አሠራር ቆይቶ ተለውጧል። ይሁንና ማሻሻያው በየጊዜው የመጣው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። “ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ” የሚባለው ይህን የመሰለውን ነው። ብቸናና ሞጣ የሚያቀርቡት እህል ለሌላው አገር ክፉ ቀን መጠባበቂያ ነው። ያንን እህል የሚያመርተው ገበሬ በአንድ የበረዶ ዝናብ ወይም በአንድ የገበያ ውድቀት ከእርሻው እንዳይወጣ መጠበቅ፣ ነገ የሚመጣውን ረሃብ ዛሬ መከላከል ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በምትሠሩበት ወረዳ በረዶ ወይም ዋግ የመታው አንድ ጎጥ መረጃ ወደ ወረዳው ለመድረስ ስንት ቀን ይፈጅበታል? የሚዘገየውስ የት ላይ ነው?

2. ግብርና ብድር የሚሰበሰብበት ጊዜ የጉዳት ግምት ከሚጠናቀቅበት ጊዜ ይቀድማልን? የሚቀድም ከሆነ የተጎዳው ገበሬ ክፍያ ውሳኔ እስኪገኝ እንዲቆይ ማን ሊያዝ ይችላል?

3. በወረዳችሁ መጋዘን ለድጋሚ ዘር የሚሆን ሽምብራ በነሐሴ ወር ይገኛልን?

4. የእህል ዋጋ በድንገት ቢወድቅ በወረዳችሁ ለገበሬው ሊደርስ የሚችል ድርጅት የትኛው ነው? አቅሙስ ምን ያህል ነው?