ጉጉት፦ ሟርተኛ ወይስ ሊቅ?

በአገራችን ጉጉት በሌሊት ሲጮኽ ሞት ያረዳል ተብሎ ይፈራል። በስደት ምድር ግን ልጆቻችን በሥዕል መጻሕፍት የሚያገኙት ጉጉት መነጽር ያደረገ ሊቅ ነው። ምንጩ የጥንት ግሪክ ነው። የአቴና ከተማ ሰዎች ጉጉትን የጥበብ አምላክ ለሚሏት ጣዖታቸው ምልክት አድርገው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት በብር ገንዘባቸው ላይ ቀርጸውታል፤ ገንዘቡንም «ጉጉት» ብለውታል። ይኸው ምስል ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በግሪክ የአንድ ዩሮ ሳንቲም ላይ ይገኛል። በ101ኛው መዝሙር ደግሞ የተጨነቀው ጸሎተኛ ብቸኝነቱን በፍርስራሽ ውስጥ በሚኖር ጉጉት ይመስላል፤ ይህን እኛ ስደተኞች እናውቀዋለን። እንግዲህ ልጆቻችን የወደዱትን ወፍ ስናይ «ክፉ ምልክት ነው» ብለን አናስደንግጣቸው። ወፉ አንድ ነው፤ ሞትንም ጥበብንም የጫነበት ሰው ነው።