ጣቢያው የት ነው? የአዋሽ ባቡርና የዜናችን “የት”

ስለ ዜና አጻጻፍ ስንማር “የት” የሚለውን ጥያቄ ብዙዎቻችን በአንድ ቃል መልሰን እናልፈዋለን። “አዋሽ” ብለን እንጽፋለን፤ አለቀ። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው በአዋሽ ጉዳይ ዋናው ወሬ ያለው እዚችው “የት” ውስጥ መሆኑን ነው።

እንደሚታወቀው አዋሽ ሰባት ኪሎ ባቡር የወለዳት ከተማ ናት (አካባቢው ግን ያኔም ባዶ አልነበረም፤ የአርብቶ አደር ግጦሽ ነበር)። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ የተጀመረው ሐዲድ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት ስለማይጓዝ ከጅቡቲ የተነሳ መንገደኛ አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድር ነበር። ያደረ ሰው ደግሞ አልጋ ይፈልጋል፣ ምግብ ይፈልጋል፣ ዕቃውን የሚሸከምለት ይፈልጋል። ቡፌ ዳዋሽ የሚባለው የጣቢያው ሆቴል የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ገበያውም፣ ሻይ ቤቱም ጣቢያውን ተጠግቶ አደገ።

1 ሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ ላይ የሚሄደው ያ ባቡር እያረጀ ሄዶ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል መመላለሱን አቆመ። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀውና ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው አዲሱ መስመር ስፋቱ 1.435 ሜትር ነው፤ የሚሠራውም በኤሌክትሪክ ነው። ይህ ባቡር ወደ አሮጌዎቹ ጣቢያዎች አልገባም። አዲስ አበባ ላይ ለገሐር ቀርቶ ለቡ፣ ጅቡቲ ላይ ናጋድ ሆነ፤ የድሬዳዋውም ከከተማ ውጭ ነው። አዋሽም ዕጣዋ ይኸው ሆነ፤ ወደ አዲሱ ጣቢያ የተዛወረው ስሟ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

መሐንዲሶቹን መውቀስ ቀላል ነው፤ ግን ምክንያት አላቸው። ፈጣን ባቡር ጠባብ ኩርባ አይችልም፣ ረጅም የጭነት ባቡር ቀጥ ያለ ሰፊ ቦታ ይሻል፣ ከተማ መሃል ለመግባት ደግሞ ቤት ማፍረስና ካሳ መክፈል ይመጣል። አዋሽ ላይ ሌላም አለ፦ በ2007 ዓ.ም. ግንባታው የተጀመረው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መስመር የሚነሳው ከዚያው ነው።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? እኔ ያነበብኳቸው የምረቃ ዜናዎች ስለ ፍጥነትና ስለ ኪሎ ሜትር ይናገራሉ። የሚቆጥሩት ግን ከጣቢያ እስከ ጣቢያ ያለውን ሰዓት ነው። የአፋር ክልል ዋና ከተማ ሰመራ ሐዲድ ኖሯት አያውቅም። ከዚያ ተነስቶ ወደ አዲስ አበባ በባቡር መሄድ የሚፈልግ ሰው በገዋኔ በኩል በመኪና ወርዶ አዋሽ ሲደርስ ጉዞው ገና ነው፤ ሌላ መጓጓዣ ይዞ ወደ ጣቢያው መውጣት አለበት። ለቡ ሲደርስም መሃል ከተማ ለመግባት እንደገና ታክሲ ይፈልጋል፤ የከተማው ቀላል ባቡር ለቡ አይደርስም። ለሰውየው ይህ ሁሉ አንድ ጉዞ ነው፤ ብሩም የሚወጣው ከአንድ ኪስ ነው። ሰውየው አውቶቡሱ ላይ እንደተቀመጠ አዲስ አበባ ቢገባ ማን ይፈርድበታል?

በእኔ እምነት ስለ አዋሽ ባቡር ለመዘገብ የሚሄድ ተማሪ ከአዲሱ ጣቢያ በፊት አሮጌው ጣቢያ አጠገብ መውረድ አለበት። ሻይ የምትሸጠዋን ሴት ደንበኞቿ ዛሬ እነማን እንደሆኑ፣ ባለባጃጁን እስከ አዲሱ ጣቢያ ስንት እንደሚያስከፍል፣ ከሰመራ የመጣውን መንገደኛ ደግሞ ከቤቱ በስንት ሰዓት እንደወጣ ይጠይቃቸው።