የጥንቱን ዝናምና ድርቅ ከአፈር ስለ መመርመር

በዝናም መለኪያ የተጻፈው መዝገብ በአገራችን ዕድሜው አጭር ነው። ነገር ግን ወሎን በ1965 እና በ1966፥ ደግሞም በ1977 ዓ.ም. የጎዳው ድርቅ የመጀመሪያው አይደለምና፥ የቀድሞውን ዘመን ጠባይ ማወቅ መሬት ለሚያስተዳድር ሹም ሁሉ ይጠቅማል። ብራና ያልያዘውን አፈር ይዞታል፤ አነባበቡም እንደሚከተለው ነው።

አፈር የሚዳብረው መሬቱ ረግቶ ሲኖር ነው። ዝናሙ ሳይጎድል ሣርና ዛፍ ሲሸፍነው የላይኛው ገጽ ይጠቁራል። ዝናሙ ሲያንስ ወይም ዳገቱ ሲመነጠር ግን፥ ጎርፍ አፈሩን ገፍፎ በሸለቆ ጠጠርና ደለል ይከምራል፤ የቀድሞውም አፈር ከሥር ተቀብሮ ይቀራል። ስለዚህ ከጠጠር በታች የሚታይ ጥቁር መስመር ብዙውን ጊዜ ያለፈ ልምላሜ ምልክት ነው። ነጭ የኖራ እንክብል ቢገኝበት፥ ዝናሙ ኖራውን አጥቦ ለመውሰድ እንዳልበቃ ያመለክታል። ከሰል ቢገኝበት፥ ዕድሜው በራዲዮካርቦን ይመረመራል።

ነፋስም የራሱን መዝገብ ያኖራል። እርሱ የሚያመጣው አፈር ደቃቅ፥ መጠኑም እኩል ነው። በቻይና አገር በደረቅ ዘመን የተከማቸ አቧራና በርጥብ ዘመን የዳበረ አፈር እየተፈራረቁ ከ2 ሚሊዮን ዓመት በላይ ተነባብረዋል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ በአክሱም አካባቢ በሸለቆ የተቀበረው አፈር ተመርምሮ ውጤቱ በ1998 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ባለፉት 4000 ዓመታት መሬቱ ሦስት ጊዜ ረግቶ አፈር እንደ ዳበረ፥ በየመካከሉም እንደ ታጠበ ተገልጧል። በደቡብ ወሎም ከሐይቅና ከአርዲቦ ሐይቆች ወለል በወጣው ጭቃ ውስጥ ያለው የአበባ ብናኝ ተመርምሯል። የዝግባና የጥድ ደን ከ2500 ዓመት በፊት ግድም በቁጥቋጦና በሣር ተተካ፤ ይህም 1800 ዓመት ያህል ቆየ። ከ1400 እስከ 1700 እ.ኤ.አ. ጥድና ወይራ ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲህ ደኑ ዳግመኛ ተመነጠረ፥ አፈሩም ታጠበ።

ከዚህ የምንማረው፥ የመሬት መራቆት ሁሉ ከሰማይ የመጣ እንዳልሆነ ነው። የሰው እጅ አለበትና፥ ሹም ጉዳቱን ሁሉ በዝናም ማሳበብ አይገባውም። የተመነጠረ ደን ሊመለስ ይችላል፤ ነገር ግን ብዙ ትውልድ ይፈጃል።

እንግዲህ በአምባ መቅደላ፥ በመካነ ሰላምና በበሺሎ ዳገቶች እርከን ሲሠራ፥ መንገድ ሲቆረጥ ወይም የውኃ ጉድጓድ ሲቆፈር፥ የተቀበረ አፈር ቢታይ እንዲህ ይደረግ፦

1ኛ፤ ግድግዳው ሳይፈርስ የእያንዳንዱ ንብርብር ቀለምና ውፍረት ከላይ ወደ ታች ይጻፍ።

2ኛ፤ ከሰል ወይም የሸክላ ስባሪ ቢገኝ ከቦታው ሳይነሣ ጥልቀቱ ይለካ።

3ኛ፤ ቦታው ተከልሎ ለግብርና ጽሕፈት ቤትና ለዩኒቨርሲቲ መርማሪዎች ይነገር።

አንድ ጊዜ በአካፋ የተበተነ ንብርብር ዳግመኛ አይነበብምና፥ ሥራው ከመቀጠሉ በፊት የአንድ ቀን ትዕግሥት ማድረግ ይገባል።