«ጋሼን የት ጣልሻቸው?» የፎቶ ቅርፅና የወረቀት ልክ

የምረቃ ወቅት እየደረሰ ስለሆነ በዚህ ጽሑፍ ስለ ፎቶ ማሳጠብ ትንሽ ላስተምራችሁ። እኔ የነርሲንግ ተማሪ እንጂ ፎቶ አንሺ አይደለሁም። ነገሩን የተማርኩት ተሳስቼ ነው፤ ስለዚህ ከስህተቴ እጀምራለሁ።

አያቴና ወንድማቸው ጋሼ ባለፈው ክረምት ከጎንደር መጥተው፣ የላስ ቬጋስን የሐምሌ ሙቀት ችለው፣ ከእኛ ጋር ከረሙ። በመስከረም ሊመለሱ ሲሉ ሁላችንም ሰንሰት ፓርክ ሄድን። ከክፍል ጓደኛዬ ጥሩ ካሜራ ተውሼ ነበር። አያቴን መሐል አድርጌ ሰባት ሰው በአንድ መስመር አቆምኩ። በቀኝ ጫፍ ጋሼ ከዘራቸውን ይዘው ቆሙ፤ በግራ ጫፍ ታናሽ ወንድሜ። «ምስሉ ባዶ ቦታ አይኑረው» ብዬ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞላሁት። በካሜራው መስኮት ሳየው በጣም ያምር ነበር።

እናቴ ቀደም ብላ ወርቃማ ፍሬም ገዝታ ነበር፤ ልኩ 8 በ 10 ኢንች ነው። እኔም ፎቶውን ወደ ማሳጠቢያው በኢንተርኔት ላክሁ፣ 8 በ 10 የሚለውን መረጥሁ፣ ከፈልሁ። በማግስቱ ፖስታውን ስንከፍት ወንድሜ ግማሽ ሆኗል። ጋሼ ደግሞ ከነከዘራቸው የሉም፤ የቀረው አንድ ትከሻቸውና አንድ ጆሯቸው ነው። እናቴ ፎቶውን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝና «ጋሼን የት ጣልሻቸው?» አለችኝ።

ማሽኑ አልተበላሸም፣ ሠራተኛውም አልተሳሳተም። ያነሳሁት ፎቶና የመረጥኩት ወረቀት ቅርፃቸው የተለያየ ነበር። ቅርፅ ሲለያይ አንድ ነገር መቆረጡ አይቀርም። ምን እንደሚቆረጥ እናንተ ካልወሰናችሁ ማሽኑ ከሁለቱም ጫፍ እኩል ይቆርጣል፤ ጫፍ ላይ ማን እንደቆመ አያውቅም።

ቅርፅ ማለት ምን ማለት ነው?

እዚህ ቅርፅ የምለው መጠንን አይደለም። ረጅሙ ጎን የአጭሩን ስንት እጥፍ ነው የሚለውን ነው። ረጅሙን ለአጭሩ አካፍሉት፤ የምታገኙት ቁጥር የፎቶው ቅርፅ ነው። ነርሲንግ የምትማሩ የመድኃኒት መጠን ስሌትን አስቡ፤ የታዘዘውን ላለው ማካፈል ነው። ይኸኛው ከዚያ ይቀላል፤ ብትሳሳቱም የሚጎዳ በሽተኛ የለም።

በመጀመሪያ የምናነሳባቸው መሣሪያዎች፦

• ሌንሱ የሚቀያየር ካሜራ፣ አብዛኛው፦ 3 ለ 2፣ ማለትም 1.5
• ስልክ፣ ሴቲንጉ ካልተነካ፦ 4 ለ 3፣ ማለትም 1.33
• ስልክ፣ ስክሪኑን እንዲሞላ 16 ለ 9 ላይ ሲደረግ፦ 1.78
• አራት ማዕዘኑ እኩል የሆነ ፎቶ፦ 1

ቀጥሎ አሜሪካ ውስጥ በብዛት የሚገኙ የወረቀትና የፍሬም ልኮች፣ ሁሉም በኢንች፦

• 4 በ 6፣ 8 በ 12፣ 12 በ 18፣ 20 በ 30፦ ሁሉም 1.5
• 5 በ 7፦ 1.4
• 12 በ 16፣ 18 በ 24፦ 1.33
• 11 በ 14፦ 1.27
• 8 በ 10፣ 16 በ 20፦ 1.25

ቁጥሮቹ ከተመሳሰሉ ምንም አይቆረጥም። የካሜራ ፎቶ 4 በ 6 ላይም 20 በ 30 ላይም ሙሉውን ይገባል። የስልክ ፎቶ ግን ያ ሁላችንም የምናውቀው 4 በ 6 ላይ እንኳ ሙሉውን አይገባም። ይህ እኔንም አስገርሞኛል።

ስንት ይቆረጣል?

ትንሹን ቁጥር ለትልቁ አካፍሉ፤ የሚቀረው የፎቶው ክፍል ያ ነው። የእኔ ፎቶ 1.5 ነበር፣ ወረቀቱ 1.25። 1.25 ለ 1.5 ሲካፈል 0.83 ነው። 83 በመቶ ቀረ፣ 17 በመቶ ሄደ። በፒክስል ስናየው ደግሞ ፎቶው 6000 በ 4000 ነበር። 8 በ 10 የሚፈልገው 5000 በ 4000 ነው። ስለዚህ 500 ፒክስል ከግራ፣ 500 ፒክስል ከቀኝ ተቆረጠ። ሰባት ሰው 6000 ፒክስል ሲካፈል ለአንድ ሰው ወደ 857 ይደርሰዋል። ከጋሼ ላይ 500 ሲነሳ ምን እንደሚቀር እናንተው አስሉት።

የሚቆረጠው ከየት እንደሆነም ማወቅ ይቻላል። የፎቶው ቁጥር ከወረቀቱ ከበለጠ የሚቆረጠው ከረጅሙ ጎን ጫፍና ጫፍ ነው፤ በአግድም ፎቶ ከግራና ከቀኝ ማለት ነው። የፎቶው ቁጥር ካነሰ ደግሞ አግድሙ ፎቶ ከላይና ከታች ይቆረጣል። ለምሳሌ በስልክ አግድም ያነሳችሁትን 4 በ 6 ብታሳጥቡ ከላይና ከታች በድምሩ 11 በመቶ ይሄዳል። የረጅሙ ጓደኛችሁ ፀጉር ወይም የሁላችሁም ጫማ የሚጠፋው በዚህ ነው። ያንኑ የስልክ ፎቶ 5 በ 7 ብታሳጥቡት የሚሄደው 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ 8 በ 10 ከሆነ 6 በመቶ ገደማ።

ትልቁ ኪሳራ 16 ለ 9 ነው። 8 በ 10 ላይ ሲወጣ 30 በመቶው ይጠፋል። በ1959 የቆመውን የላስ ቬጋስ የእንኳን ደህና መጣችሁ ምልክት ሥር ጋውን ለብሳችሁ በቁመት የምትነሱ ሰዎች ይህን አስታውሱ። ስክሪን ሞልቶ ለቲክቶክ የሚያምረው ፎቶ 5 በ 7 ሲሆን ከቁመቱ 21 በመቶ ያጣል። ወይ የምልክቱ አናት ላይ ያለው ቀይ ኮከብ ይሄዳል፣ ወይ እግራችሁ።

ለምን አንድ አልሆኑም?

እኔም ይህን ጠይቄ ነበር። መልሱ ታሪክ ነው። በድሮ ጊዜ ትልልቅ ካሜራዎች 8 በ 10 ኢንች በሆነ መስታወት ወይም ፊልም ላይ ያነሱ ነበር። ፊልሙን ወረቀቱ ላይ ለጥፎ ብርሃን በመስጠት ፎቶው በራሱ በፊልሙ ልክ ይወጣል፤ የሚቆረጥ ነገር የለም። 8 በ 10 የቀረልን ከዚያ ዘመን ነው። በኋላ በ1925 ላይካ የተባለው ትንሽ ካሜራ ለገበያ ወጣ። የሲኒማ ፊልም ተጠቅሞ 24 በ 36 ሚሊሜትር ያነሳ ነበር፤ ይህም 3 ለ 2 ነው። 4 በ 6 የተስማማው ከእሱ ጋር ነው። የዲጂታል ጊዜ ሲመጣ ደግሞ ትንንሾቹ ካሜራዎች የዚያን ጊዜ የኮምፒውተርና የቴሌቪዥን ስክሪን ቅርፅ ያዙ፤ 4 ለ 3። ስልካችን የወረሰው ያንን ነው። ስለዚህ የእናቴ ፍሬም ከአንድ ዘመን፣ ካሜራዬ ከሌላ ዘመን ነበሩ።

ወላጆቻችን ይህ ችግር ብዙም አልነበረባቸውም። አዲስ አበባም ሆነ ጎንደር ፎቶ ቤት ገብተው ሲነሱ፣ አንሺውም አጣቢውም ያው ፎቶ ቤቱ ስለሆነ ወረቀቱን እያሰበ ያቆማቸዋል። «ጠጋ በሉ፣ ቀና በሉ» የሚለው ለዚህም ጭምር ነው። ዛሬ አንሺውም አሳጣቢውም እኛ ነን፤ ወረቀቱን ማሰብም የእኛ ሥራ ሆኗል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. መጀመሪያ ፍሬሙን ጠይቁ። ፎቶው የት እንደሚሰቀልና ልኩ ስንት እንደሆነ ከማንሳታችሁ በፊት እወቁ። ቤት ውስጥ ባዶ ፍሬም የሌላት እናት ያለች አይመስለኝም።

2. ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሂዱ። በሰዎቹ ግራና ቀኝ፣ በላይና በታች ባዶ ቦታ ተዉ። በካሜራ አንስታችሁ 8 በ 10 የምታሳጥቡ ከሆነ፣ በእያንዳንዱ ጫፍ ከወርዱ አንድ አሥራ ሁለተኛው እንደሚሄድ ቁጠሩ። እዚያ ቦታ ላይ ሣር እንጂ ሰው አይቁም።

3. ብዙ ሰው ካለ በሁለት ረድፍ አቁሙ። ሽማግሌዎች ወንበር ላይ፣ ወጣቶች ከኋላ። ረጅም መስመር ለ 8 በ 10 አይሆንም።

4. ራሳችሁ ቁረጡ። ስልካችሁ ላይ ፎቶውን ስታስተካክሉ 5 ለ 4፣ 7 ለ 5፣ 3 ለ 2 የሚሉ ምርጫዎች ታገኛላችሁ። ከመላካችሁ በፊት የወረቀቱን ቅርፅ መርጣችሁ፣ የሚሄደውን ክፍል በዓይናችሁ አይታችሁ ወስኑ። መጀመሪያ ግን ኮፒ አድርጉ፤ ዋናውን አትንኩ።

5. «ፊል» እና «ፊት» የሚሉትን ለዩ። በብዙ ማሳጠቢያ ድረ ገፆች ላይ እነዚህ ሁለት የእንግሊዝኛ ምርጫዎች አሉ። «ፊል» ወረቀቱን ሞልቶ የተረፈውን ይቆርጣል። «ፊት» ፎቶውን በሙሉ አስገብቶ በተረፈው ቦታ ነጭ ህዳግ ይተዋል። በአማርኛ ያዙት፦ የሰው ፊት የሚያተርፈው «ፊት» ነው። የእኔን ፎቶ እንዲህ ባሳጥበው ኖሮ 8 በ 10 ላይ ከላይና ከታች ሁለት ሦስተኛ ኢንች ነጭ ይቀር ነበር፤ ጋሼ ግን በቦታቸው ይኖሩ ነበር።

6. ፒክስሉን ቁጠሩ። ለጥሩ ጥራት በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ይበቃል። 8 በ 10 ማለት 2400 በ 3000 ነው። 200 ቢሆንም ግድግዳ ላይ ችግር የለውም። ፎቶ በቴሌግራም ስትቀበሉ ላኪው «እንደ ፋይል» እንዲልክ ጠይቁት፤ አለዚያ መጠኑ ያንሳል።

ስለ ጉርድ ፎቶ

ዘመዶቻችን ብዙ ጊዜ የሚጠይቁን ስለዚህ ነው። የአሜሪካ የፓስፖርትና የቪዛ ፎቶ 2 በ 2 ኢንች፣ እኩል አራት ማዕዘን ነው። ከአገጭ እስከ ራስ አናት ያለው ቁመት ከ1 ኢንች እስከ 1 ከ3/8 ኢንች መሆን አለበት። በስልክ በቁመት ስታነሱ ከቁመቱ ሩቡ ስለሚቆረጥ ከራስ በላይ በቂ ቦታ ተዉ። አገር ቤት ለብዙ ፎርም የሚጠየቀው 3 በ 4 ሴንቲሜትር ጉርድ ፎቶ ግን ከስልካችን ጋር አንድ ቅርፅ ነው፤ እንዳለ ይገባል። አንድ ምክር፦ በአንድ 4 በ 6 ወረቀት ላይ ስድስት ባለ 2 በ 2 ፎቶ ልክክ ብሎ ይገባል። ደርድራችሁ አንድ ወረቀት አሳጥባችሁ በመቀስ መለያየት ትችላላችሁ።

የጋሼ ነገር

ይህን ሁሉ የተማርኩት ወዲያው አልነበረም። እናቴ ያን ፎቶ እንዳለ ሰቀለችው፤ እኔም «ሌላ ቀን አስተካክለዋለሁ» ብዬ ትቼው ፈተና ውስጥ ገባሁ። በጥር አንድ ጠዋት መርዶ መጣ። ጋሼ ጎንደር አርፈዋል።

ለቅሶው እኛ ቤት ሆነ። ማታ ሰው ከመምጣቱ በፊት ሻማ የሚበራበት ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ፎቶ አስፈለገ። እናቴ ግድግዳው ፊት ቆማ ያንን ትከሻና ጆሮ ስታይ ቆየች። ምንም አላለችኝም።

ላፕቶፔን ከፈትሁ። ዋናውን ፋይል አላጠፋሁትም ነበር። ጋሼ ሙሉ ሆነው፣ ከዘራቸውን ይዘው ቆመዋል፤ የተቆረጠው ወረቀቱ ብቻ ነበር። ከእሳቸው ፊትና ደረት 850 በ 1190 ፒክስል ቆርጬ አወጣሁ። 8 በ 10 ባሳጥበው በአንድ ኢንች 106 ፒክስል ብቻ ስለሚደርሰው ይደበዝዛል። 5 በ 7 ላይ ግን 170 ይደርሰዋል፣ ቅርፁም ልክ ነው። በአንድ ሰዓት የሚያወጣ ቦታ ሄጄ አሳጠብሁት። ማታ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ፤ ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ሁሉ ፊታቸውን አዩ።

አሁን ሳሎናችን ውስጥ የወርቃማው ፍሬም ቦታ ላይ 8 በ 12 ተሰቅሏል፤ ሰባቱም አሉ። አጠገቡ ያ 5 በ 7 አለ።

በምረቃችሁ ቀን ቤተሰባችሁን ስታቆሙ ጫፍና ጫፍ ላይ ማን እንዳለ ተመልከቱና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሂዱ። ዋናውን ፋይል ደግሞ ሁለት ቦታ አስቀምጡ። ስሌቱ ካስቸገራችሁ በሚቀጥለው የማኅበሩ ስብሰባ ፈልጉኝ፤ የፍሬማችሁን ልክ ጽፋችሁ ብቻ ኑ።