ሞንታና፦ መቀነስና ማካፈል የተጣሉበት የምርጫ ክልል

ሁለት ቁጥሮችን ለማወዳደር ለተማሪዎቻችን ሁለት መንገድ እናስተምራለን። አንደኛው ትንሹን ከትልቁ መቀነስ ነው፤ ሁለተኛው ትልቁን ለትንሹ ማካፈል ነው። ብዙውን ጊዜ ሁለቱም ወደ አንድ ፍርድ ያደርሳሉ። አልፎ አልፎ ግን ይጣላሉ። ሲጣሉ ምን እንደሚከተል ለማየት በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ የምትገኘውን የሞንታናን ግዛት የምርጫ ታሪክ እንመልከት። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደሚታወቀው፣ በአሜሪካ በየ10 ዓመቱ ሕዝብ ይቆጠራል። በቆጠራው መሠረት 435ቱ የእንደራሴዎች ምክር ቤት ወንበሮች ለግዛቶች ይደለደላሉ። ማንኛውም ግዛት ቢያንስ አንድ ወንበር አለው። አንድ ብቻ ከደረሰው ግዛቱ በሙሉ አንድ የምርጫ ክልል ይሆናል።

ሞንታና በ1889 ግዛት ስትሆን የነበራት እንደራሴ አንድ ነበር። ከ1913 ጀምሮ ሁለት ወንበር ተሰጣት፤ ነገር ግን ግዛቱ ሳይከፈል ሁለቱንም የመረጠው መላው ሕዝብ ነበር። በዚህ አኳኋን ጃኔት ራንኪን በ1916 ተመርጠው ወደ ኮንግሬስ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። በሚያዝያ 1917 አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት እንድትገባ ድምፅ ሲሰጥ ከተቃወሙት 50 የምክር ቤቱ አባላት አንዷ እርሳቸው ነበሩ።

ወዲያው ግዛቱ ምሥራቅና ምዕራብ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። ራንኪን የደረሳቸው ምዕራቡ ክልል ደግሞ ለተቀናቃኙ ለዴሞክራት ፓርቲ ያደላ ነበር። ስለዚህ በ1918 ወንበራቸውን ትተው ለሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ተወዳደሩ፤ አልቀናቸውም። እንግዲህ ካርታ ላይ የተሰመረ መስመር የአንድን ሰው ዕድል እንዴት እንደሚለውጥ ልብ ይሏል። ደግነቱ ራንኪን በ1940 ከዚያው ከምዕራቡ ክልል ተመርጠው ተመለሱ። ታኅሣሥ 8 ቀን 1941 በጃፓን ላይ ጦርነት ሲታወጅ 388 እንደራሴዎች ሲደግፉ ብቻቸውን ተቃወሙ።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። በ1990 ቆጠራ ለድልድሉ የተያዘው የሞንታና ሕዝብ ቁጥር 803,655 ሲሆን፣ በአገሪቱ ለአንድ ወንበር የሚደርሰው አማካይ 572,466 ሰው ነበር። ሞንታና አንድ ወንበር ብቻ ቢሰጣት ክልሉ ከአማካዩ በ231,189 ሰው ይበልጣል። ሁለት ቢሰጣት ደግሞ እያንዳንዱ ክልል 401,828 ያህል ሰው ይይዝና ከአማካዩ በ170,638 ያንሳል። ስለዚህ መቀነስ «ሁለት ይሁን!» ይላል።

ታዲያ እናካፍል። 803,655 ለ572,466 ሲካፈል 1.40 ያህል ይሆናል። 572,466 ለ401,828 ሲካፈል ግን 1.42 ይመጣል። አሁን ወደ አማካዩ የቀረበው አንዱ ወንበር ሆነ! ማካፈል «አንድ ይበቃል» አለ ማለት ነው። ከ1941 ጀምሮ የሚሠራበት ሕግ ደግሞ የሚከተለው ማካፈልን ነው። ሞንታና ተሟገተች፤ በመጀመሪያው ፍርድ ቤትም ረታች። ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ1992 በሙሉ ድምፅ ሕጉን አጸና።

በዚያው ዓመት የምዕራቡ እንደራሴ ፓት ዊሊያምስ እና የምሥራቁ እንደራሴ ሮን ማርሌኔ ለቀረችው አንዲት ወንበር ተፋጠጡ። ዴሞክራቱ ዊሊያምስ አሸነፉ። ከእርሳቸው በኋላ ወንበሯን የያዙት ሁሉም ሪፐብሊካን ነበሩ፦ ሪክ ሂል ከ1997፣ ዴኒ ሬበርግ ከ2001፣ ስቲቭ ዴይንስ ከ2013፣ ራያን ዚንኪ ከ2015፣ ግሬግ ጂያንፎርቴ ከ2017፣ ማት ሮዘንዴል ከ2021 ጀምሮ።

ይህ የድልድል ነገር የወረቀት ጨዋታ አይደለም። በ2010 ቆጠራ የሞንታና ሕዝብ 989,415፣ የሮድ አይላንድ ደግሞ 1,052,567 ነበር። ልዩነታቸው 63,152 ሰው ብቻ ሆኖ ሳለ ሮድ አይላንድ ሁለት እንደራሴ፣ ሞንታና አንድ አገኘች። የሮድ አይላንዱ እንደራሴ የግማሽ ሚሊዮን ሰው አቤቱታ ሲሰማ የሞንታናው የአንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ይሰማ ነበር ማለት ነው። በ2020 የሞንታና ሕዝብ ከ1,084,000 በላይ ሆኖ ሲቆጠር ሁለተኛው ወንበር ተመለሰ። ያ ግዛቱን በሙሉ የያዘው ክልልም በጥር 2023 ታሪክ ሆነ። በአዲሶቹ ክልሎች ዚንኪ ምዕራቡን፣ ሮዘንዴል ምሥራቁን ይዘው ምክር ቤት ገቡ።

ከዚህ ታሪክ የምንጨብጠው አንድ ነገር ነው። «እኩል» የሚለው ቃል መለኪያው እስካልተነገረ ድረስ ሙሉ ትርጉም የለውም። ሁለቱም ወገኖች ሒሳባቸው ትክክል ነበር፤ የተለያዩት በምን እንለካ በሚለው ነው። መምህር ሆነን ክፍል ስንገባም ልጆቹ መልሱን ብቻ ሳይሆን የመለኪያውን ምርጫ እንዲጠይቁ ማድረግ ይገባናል።

ለመለማመጃ፦
1. ከላይ ያሉትን ሁለት ማካፈሎች በሰሌዳ ላይ ሠርታችሁ አረጋግጡ።
2. 63,152 የሞንታና ሕዝብ ቁጥር ስንት በመቶ ነው?
3. ዳኛ ብትሆኑ መቀነስን ወይስ ማካፈልን ትመርጡ ነበር? ለምን? በቡድን ተወያዩበት።