በሐዘን ቤት የመጀመሪያው ኦቦን፤ ደረጃ በደረጃ

የጃፓን ቡድሂስቶች የሞቱ ዘመዶቻቸውን በየዓመቱ ወደ ቤት ተቀብለው መልሰው ይሸኛሉ። በዓሉ ኦቦን ይባላል። በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል በሙቀቱ ወራት፣ በእኛ አቆጣጠር ከነሐሴ 7 እስከ 10 ይውላል፤ ቶኪዮ ውስጥ ግን ብዙዎች አንድ ወር ያስቀድሙታል። ሰው ከሞተ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ኦቦን ሃትሱቦን ይባላል፤ ዝግጅቱም ከሌላው ዓመት ይበልጣል። ከጃፓናዊ ቤተሰብ ጋር ለተጋባ ወይም እዚያ ለሚኖር ሰው አካሄዱ ይህን ይመስላል።

1. ዓመቱን ይለዩ። 49ኛው ቀን ለእነሱ እንደ እኛ አርባ ነው። ኦቦን ከዚያ ቀን በፊት ከደረሰ ሃትሱቦን የሚሆነው የሚቀጥለው ዓመት ነው። መነኩሴውን ቀደም ብለው ይጥሩ፤ በበዓሉ ሰሞን ከቤት ቤት ሲዞሩ ይውላሉ። የቤተሰቡንም እምነት ይጠይቁ። ጆዶ ሺንሹ የተባለው የቡድሂዝም ክፍል ተከታዮች ሟቹ ወዲያውኑ ንጹሕ ምድር ወደሚሉት ስፍራ ገብቷል ብለው ስለሚያምኑ የመቀበያና የመሸኛ እሳት አያነዱም።

2. መቃብሩን ያጽዱ። አረሙን ይንቀሉ፣ ድንጋዩን በውኃ ይጠቡ፣ አበባ ያኑሩ፣ ዕጣን ያጭሱ።

3. መደቡን ያሰናዱ። በቤቱ መሠዊያ ፊት ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ላይ የሟቹ ስም የተጻፈበትን ሰሌዳ፣ ሻማ፣ ዕጣን፣ ውኃና የወቅቱን ፍሬ ይደርድሩ። ለሃትሱቦን ብቻ የሚሆን ሥዕል የሌለው ነጭ ፋኖስ ይስቀሉ።

4. ፈረስና ላም ይሥሩ። ኪያርና ደበርጃን ላይ አራት አራት ቀጭን እንጨት እንደ እግር ይሰኩ። ኪያሩ ፈረስ ነው፤ ሟቹ በፍጥነት እንዲመጣ። ደበርጃኑ ላም ነው፤ ስጦታውን ተሸክሞ ቀስ እያለ እንዲመለስ። ልጆች ካሉ ይህን ሥራ ለእነሱ ይተዉት፤ እጃቸው ሲሠራ ስለ አያታቸው መጠየቅ ይጀምራሉ።

5. በመጀመሪያው ቀን ምሽት እሳት ያንዱ። ደጃፍ ላይ፣ በሸክላ ሳህን፣ የተላጠ ደረቅ የሄምፕ ግንድ ይቃጠላል። ቤተሰቡ መዳፉን ገጥሞ ይቀበላል። ውኃ በባልዲ አጠገብዎ ይሁን። እሳት በማይፈቀድበት ሕንፃ ፋኖሱን ማብራት ይበቃል።

6. በመካከሉ ሁለት ቀን ያስተናግዱ። ሥጋና ዓሣ የሌለበት ምግብ በመደቡ ላይ ያቅርቡ። መነኩሴው መጥተው ጸሎት ያነባሉ፤ ገንዘቡን በፖስታ አድርገው ይስጧቸው። ምሽት ላይ ሰፈሩ በከበሮ ማማ ዙሪያ ሲጨፍር ሐዘንተኛውንም ይዘው ይውጡ። ጭፈራው የበዓሉ አካል ነው፤ ነውር የለበትም።

7. በመጨረሻው ምሽት ይሸኙ። እሳቱን በዚያው ደጃፍ ደግመው ያንዱ። በአንዳንድ ስፍራ ፋኖስ በወንዝ ላይ ይለቀቃል፤ ኪዮቶ ደግሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ በአምስት ተራሮች ላይ ትልልቅ እሳቶች ይለኮሳሉ። ደክሞኛል ብለው ይህን ደረጃ አይዝለሉት። ሐዘንተኛ መቀበሉን አይረሳም፤ የሚከብደው መሸኘት ነውና፣ ቀን የተቆረጠለትም ለዚህ ነው።

ነጩን ፋኖስ ወደ ቤተ መቅደስ ወስደው ያስቃጥሉ፤ ለሚቀጥለው ዓመት አይቀመጥም። ከዚያ ወዲህ ሟቹ ከቤቱ ቀደምት ጋር እኩል ይጠራል።